ሰበሰቡ፣ ተናገሩ፣ ተቀመጡ፦ ሚስዮናዊ ቤተሰብ ለዕረፍት ሲመጣ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ የተወደዳችሁ ወገኖች። የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ የተልእኮ ኮሚቴ አባላት፣ ገንዘብ ያዦች፣ እንዲሁም ከወንጌል መስክ ለዕረፍት የመጣችሁ ሚስዮናውያን ከነልጆቻችሁ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ዛሬ ስለ እናንተም ብዙ እንነጋገራለን። የምንለው ልክ ካልመሰላችሁ ንገሩን፤ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በጥያቄ ልጀምር። አንድ ቤተሰብ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ አገሩ ሲገባ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «እኛ ጋ መቼ ትመጣላችሁ? የትኛው እሑድ ይመቻችኋል?» አይደለም እንዴ? ጥያቄው ከፍቅር ነው የሚመጣው። ግን እስቲ አስቡት፤ ይህንኑ ጥያቄ 18 አጥቢያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠይቃሉ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ክፈቱልኝ። ጳውሎስና በርናባስ ከመጀመሪያው ጉዟቸው ወደ አንጾኪያ ተመለሱ። ከዚያ ምን አደረጉ? ቁጥር 27 እና 28 ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያንን ሰበሰቡ። እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውን ተናገሩ። ከደቀ መዛሙርት ጋርም ብዙ ቀን ተቀመጡ። ሰበሰቡ፣ ተናገሩ፣ ተቀመጡ። ወገኖቼ፣ እኛ ከሦስቱ መካከለኛውን ብቻ ነው የያዝነው። «ተናገሩ!» እንላቸዋለን፤ ይናገራሉ፤ ሻንጣቸውን አንሥተው ወደሚቀጥለው አጥቢያ ይሄዳሉ። መቀመጡ የት ሄደ?

አንድ ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ። አንጾኪያ አንዲት ላኪ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ የዛሬው ቤተሰብ ግን 10፣ 15፣ 20 ደጋፊ አጥቢያ ሊኖረው ይችላል። ከሁሉም ጋር መቀመጥ አይቻልም። ለዚህ ነው አስቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው፦ ቤተሰቡ የሚቀመጥባት አንዲት ቤተ ክርስቲያን ማን ናት? በዚያች ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ አይወጡም፤ እንደ ማንኛውም ምእመን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ይጸለይላቸዋል፣ ልጆቻቸው ሰንበት ትምህርት ቤት ስማቸው ይታወቃል። ሌሎቹ አጥቢያዎች ይሰሟቸዋል፤ ይህችኛዋ ግን ትይዛቸዋለች። ሁሉም ሰሚ ሆኖ ያዢ ከጠፋ ያ ቤተሰብ ደክሞ መጥቶ የባሰ ደክሞ ይመለሳል።

ስለዚህ ንግግሬን ከኋላ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ስለ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ስለ መሰብሰብ፣ ከዚያ ስለ መናገር። በመጨረሻ ስለ ልጆቹና ስለ ገንዘቡ እጨምራለሁ።

መቀመጥ።

እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊሊያም ኬሪ በ1793 ወደ ህንድ ሲሄድ ጉዞው በመርከብ አምስት ወር ያህል ፈጅቷል። ያ ዘመን መከራ የበዛበት ነበር፤ ቢሆንም መርከቡ አንድ ነገር ይሰጥ ነበር፤ ጊዜ። ሰው የተወውን እያለቀሰ፣ ወደሚሄድበት ቀስ እያለ ይጠጋ ነበር። ዛሬስ? ሐሙስ ማታ በክሊኒኩ የመጨረሻውን ሕመምተኛ ያየች ነርስ ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳ እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ትቆማለች። ሰውነቷ ደርሷል፤ ልቧ ገና መንገድ ላይ ነው።

ኤልያስን አስታውሱ። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነፍሱን እንዲወስድ እግዚአብሔርን እስከ መለመን ደርሶ ነበር። መልአኩ ምን አደረገ? ዘገባ ጠየቀው? የለም። ኤልያስ ተኛ፤ መልአኩ ቀሰቀሰውና አበላው፤ እንደገና ተኛ፤ እንደገና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? የመጀመሪያዎቹ አራት እሑዶች ባዶ ይሁኑ። ባዶ ስል ምስክርነት የለም፣ «አንድ አምስት ደቂቃ ሰላምታ ብቻ» የሚባልም የለም። አምስት ደቂቃ ለመናገር የሚጨነቅ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስበው ይከርማል።

በዚህ ጊዜ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ምርመራውን በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ አድርገው ይጨርሳሉ። አንዳንድ በሽታ ግን ወዲያው አይታይም። የቢልሃርዝያ የደም ምርመራ በሽታው ያለበት ውኃ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ከገቡ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካልቆየ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ለበሽታው ከተጋለጡ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በኋላ ነው የሚታመነው። ስለዚህ ሁለት ቀጠሮ ያዙ፤ አንዱ ሲመጡ፣ ሌላው ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ። የወባ ነገርማ ከዚህም ይከብዳል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ወባ በሌለበት አገር የሚሠራ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ ስለ ወባ ላያስብ ይችላል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ቢመልሳችሁ ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ትኩሳት ከመጣባችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ወባ ካለበት አካባቢ ነው የመጣሁት» የሚለው ይሁን። ጥርስ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀመር፤ አንድ ጥርስ ብዙ ቀጠሮ ሊፈልግ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልተሟላላችሁም ቶሎ ጀምሩ፤ በተለመደው አሰጣጥ ሦስቱ መጠኖች ስድስት ወር ይወስዳሉ።

የነፍስና የልብ ምርመራስ? ብዙ ኮሚቴ ይህን «ሻይ ጠጥተን አወራን» ብሎ ያልፈዋል። ወገኖቼ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሚስዮናዊ ደመወዙን ለሚወስን ሰው እውነቱን ሁሉ መናገር ይከብደዋል። ትዳራቸው ተናግቶ ከሆነ፣ የሥራ ባልደረባቸው አቁስሏቸው ከሆነ፣ ጸሎታቸው ደርቆ ከሆነ፣ ድጋፉ ይቋረጥ ይሆናል ብለው ይፈራሉ። ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ይመለሳሉ። ስለዚህ የሚያዳምጣቸው ሰው በድጋፋቸው ላይ ድምፅ የሌለው ይሁን። በሳል፣ ምሥጢር ጠባቂ፣ መፍትሔ ለመስጠት የማይቸኩል ሰው ፈልጉ። አንድ ሙሉ ግማሽ ቀን ስጡት። ባልና ሚስት አንድ ላይም፣ ለየብቻም ይናገሩ። ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ፦ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምን አጣችሁ? ማንን ቀበራችሁ? ደስ ያላችሁ ቀን የትኛው ነበር? ለማንም ያልነገራችሁት ነገር አለ? ከሦስት ወር በኋላ ይህንኑ ድገሙት፤ በመጀመሪያው ያልወጣው በሁለተኛው ይወጣልና።

ለምን ከሦስት ወር በኋላ? ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1963 ባሳተሙት ጥናት ከባዕድ አገር የሚመለስ ሰው ስሜቱ ሁለት ጊዜ እንደሚወርድ ጽፈዋል፤ አንዴ ባዕድ አገር ሲገባ፣ እንደገና ደግሞ አገሩ ሲመለስ። ሁለተኛው መውረድ የሚያስደነግጠው ማንም ስለማይጠብቀው ነው። «አገሬ ገባሁ፣ ለምን አለቅሳለሁ?» ይላል ሰውዬው። ያለቅሳል፤ ምክንያቱም የተወው ቤት ተለውጧል፣ እርሱም ተለውጧል።

መሰብሰብ።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ። አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንያዝ፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች። ዕረፍታቸው ስድስት ወር ነው። ስንት እሑድ አላቸው? 26። የመጀመሪያዎቹን አራት አወጣን። የመጨረሻዎቹ ሦስት ለዕቃ ማሸግና ለስንብት ይሁኑ። 19 ቀረ። ከነዚህ ውስጥ በየሦስተኛው እሑድ በምታርፉባት ቤተ ክርስቲያን ተቀመጡ፤ ይህ ስድስት እሑድ ነው። 13 ቀረ። ደጋፊ አጥቢያዎቹ ግን 18 ናቸው። 18 በ13 ውስጥ አይገባም! ብዙ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ከዕረፍቱ እሑዶች ይቆርጣል። እኔ የምለው፣ ከዕረፍቱ አትቁረጡ፤ የጉብኝቱን መልክ ለውጡ።

ተቀራራቢ የሆኑ አጥቢያዎች በአንድ ምሽት አብረው ይሰብሰቡ። አንዳንዱ ቦታ ከሁለቱ አንዳቸው ብቻ ይሂዱ፤ ልጆቹ ከሌላው ጋር ቤት ይቅሩ። አንዳንዱ አጥቢያ እሑድን ትቶ በሳምንቱ መካከል በቤት ኅብረት ያግኛቸው። በነገራችን ላይ ከ20 ሰው ጋር ተቀምጦ ሁለት ሰዓት መወያየት ከ500 ሰው ፊት አሥር ደቂቃ ከመቆም የበለጠ ጸሎት ያፈራል። ሌላም መንገድ አለ። ኬሪ በ1834 እስኪሞት 41 ዓመት ህንድ ኖረ፤ አንድም ጊዜ ወደ እንግሊዝ አልተመለሰም። ታዲያ ደጋፊዎቹን አጥቢያዎች ማን ጎበኘ? ኬሪን የላከው ማኅበር ጸሐፊ የነበረው አንድሩ ፉለር ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1815 ድረስ፣ ከአጥቢያ አጥቢያ እየዞረ ስለ ሥራው ተናገረ፣ ድጋፍ ሰበሰበ። በእነዚያ ዓመታት የኬሪን ሥራ ተሸክሞ የዞረው ሌላ ሰው ነበር። ከእናንተ ኮሚቴ ውስጥ ፉለር የሚሆን ማን ነው? ቤተሰቡ ራሱ በማይደርስበት አጥቢያ ሄዶ «ጎብኝቻቸዋለሁ፣ እንዲህ ነው» ብሎ የሚናገር?

ጉዞዎቹን በአቅጣጫ ሰብስቧቸው። 18 ጉዞ ሳይሆን አምስት አቅጣጫ ይሁን። አንድ ዙር ከአሥር ቀን አይብለጥ፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በአንድ አልጋ ላይ መተኛት። አንድ ቤት ይኑራቸው፤ ትንሽም ቢሆን ቁልፉ በእጃቸው ያለ ቤት። በየሳምንቱ በሰው ቤት ሳሎን የሚያድር ሕፃን አልጋውን እንደገና ማርጠብ ቢጀምር አትደነቁ።

ይህን ሁሉ ማን ያስተባብር? ሚስዮናዊው ራሱ አይሁን። ምክንያቱም ደጋፊውን «አይሆንም» ማለት አይችልም። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ወዳጅ ክንዱን ይዞ «በሚቀጥለው ወር እኛ ጋ!» ሲለው እሺ ይላል፤ በዚያው ቀን ለሌላው ቃል መግባቱን የሚያስታውሰው ማታ ነው። አንድ አስተባባሪ ከላኪ ቤተ ክርስቲያን ይመደብ። ግብዣ ሁሉ በእርሱ በኩል ይለፍ። የሚስዮናዊው መልስ አንድ ብቻ ይሁን፦ «ደስ ይለኛል፤ እባክህ ለአስተባባሪው ንገረው።»

አስተባባሪው ከስድስት ወር በፊት ለአጥቢያዎቹ ይጻፍ፤ ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ያረጋግጥ። ደብዳቤው ላይ እነዚህ ጥያቄዎች አይቅሩ፦ ስንት ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል? ሰሚዎቹ እነማን ናቸው፣ ወጣቶች ወይስ ጉባኤው ሁሉ? አስተርጓሚ አለ? ፕሮግራሙ በቀጥታ ይሠራጫል ወይስ ይቀዳል? የት ያድራሉ፣ ለልጆቹ የተለየ ክፍል አለ? የጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ያሳፍራል ብለው ብዙዎች ይተዉታል። ሳይነጋገሩ መቅረት ነው በኋላ የሚያስቀይመው። ጋባዥ አጥቢያ የመንገዱን ወጪ በዚያው ቀን በእጃቸው ይስጥ፤ «ደረሰኝ ላኩልንና እናያለን» አይባል። 3ኛ ዮሐንስ ላይ ጋይዮስ የተመሰገነው ወንድሞችን ለእግዚአብሔር እንደሚገባ በጉዟቸው ስለሚረዳ ነው።

የምታሳድሩ ቤተሰቦች፣ አንድ ቃል ለእናንተም አለኝ። እራት ከበሉ በኋላ አሰናብቷቸው። እኩለ ሌሊት ድረስ ጥያቄ መጠየቅ የእንግዳ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን እነርሱ በዚያ ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ እየመለሱ ነው።

መናገር።

በበርማ፣ በዛሬዋ ምያንማር፣ ያገለገለው አሜሪካዊ ሚስዮናዊ አዶኒራም ጀድሰን በ1812 ከአሜሪካ ወጥቶ ለ33 ዓመት አልተመለሰም። በ1845 የባለቤቱ የሳራ ጤና ስለ ከፋ ሦስቱን ትናንሽ ልጆች በበርማ ትተው ሦስቱን ትልልቆች ይዘው ተነሡ። ሳራ በመንገድ ላይ ሞታ በቅድስት ሄለና ደሴት ተቀበረች። እርሱ ቦስተን ሲደርስ ጉባኤዎች ተጨናንቀው ይጠብቁት ነበር። ድምፁ ግን ታሞ ነበር፤ በሹክሹክታ ይናገራል፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሰማል። ሐዘኑ ያልደረቀ፣ ድምፁ የደከመ ሰው ከመድረክ ወደ መድረክ! ዛሬ ድምፁ ጤነኛ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው የምንለው ሚስዮናዊ ስንት ነው?

ለተናጋሪዎቹ። ሦስት ንግግር አዘጋጁ፤ የሦስት ደቂቃ፣ የአሥር ደቂቃ፣ የሠላሳ ደቂቃ። ሦስቱንም ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። «ሠላሳ ደቂቃ» ተብሎ የተጠራ ሰው መድረኩ ሥር ደርሶ «መዝሙሩ ስለረዘመ አሥር ደቂቃ አለህ» ይባላል። ያልተዘጋጀ ሰው የሠላሳውን በሩጫ ይናገርና ማንም ሳይሰማው ይወርዳል። በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰውና አንድ የጸሎት ርእስ ብቻ ይኑር። በአሥሩ ያልተሳካ ነገር አንድ ጨምሩ። አዎ፣ ያልተሳካ። ጉባኤ የሚጸልየው ቀዳዳውን ሲያይ ነው። አስተርጓሚ ካለ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይዘቱን ከቤታችሁ በግማሽ ቁረጡት።

ለአሥር ደቂቃ ከ20 ፎቶ በላይ አታሳዩ። ከካርታና ከሕንፃ ሳይሆን ከአንድ ሰው ፊት ጀምሩ፤ ፎቶውን ለማሳየትም ፈቃድ ጠይቁ። የምትናገሩለት ሰው ራሱ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ቢሰማችሁ ያፍራል? ካፈረ፣ ቃሉን ለውጡት። ቪዲዮ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፤ ከኢንተርኔት ላይ ለማጫወትም አትሞክሩ። ፋይሉ በሁለት ፍላሽ ላይ ይኑር። ስላይዱን በፒዲኤፍም አስቀምጡ፤ የአማርኛ ፊደሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ ባዶ ሳጥን ሲለወጥ ታያላችሁና። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድምፁን ሞክሩ፤ ምስሉ በትልቁ ሰሌዳ ላይ እየታየ ድምፁ ላፕቶፑ ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወንጌል በነፃነት በማይሰበክበት ቦታ የምታገለግሉ፣ ይህን በብርቱ ስሙኝ። በቀጥታ ስርጭት አትናገሩ። ዛሬ በአንዲት አጥቢያ ገጽ ላይ የወጣ ቪዲዮ ከሁለት ዓመት በኋላም እዚያው አለ፤ የምታገለግሉበት አገር ሰውም ሊያየው ይችላል። እናንተ ቪዛ ታጣላችሁ፤ ያመነው ወንድም ግን ከዚያ የከፋ ሊያጣ ይችላል። የአማኞችን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የመሰብሰቢያውን ቀን አትጥሩ። በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት የቦታውን መረጃ አጥፉ። ፕሮግራም መሪዎች፣ ካሜራውን የማጥፋት ኃላፊነት የእናንተ ነው፤ እንግዳው ከመድረክ ላይ «እባካችሁ አጥፉ» እስኪል አትጠብቁ።

አሁን ልጆቹ።

ሩት ዩሲም የተባለች ተመራማሪ በ1950ዎቹ በህንድ የሚኖሩ የአሜሪካውያንን ቤተሰቦች ስታጠና «የሦስተኛ ባህል ልጆች» የሚል ስም አወጣች። የወላጆቻቸው አገር አንድ፣ የሚያድጉበት አገር ሁለት፣ በመካከል እነርሱ ራሳቸው የሚኖሩበት ሦስተኛ። ለወላጆች ዕረፍቱ ወደ ቤት መመለስ ነው። ለልጁ ግን ብዙ ጊዜ ከቤት መውጣት ነው! ጓደኛው፣ ውሻው፣ የሚሮጥበት ሜዳ ያለው እዚያ ነው። «አገርህ ስለገባህ ደስ አለህ?» ስንለው ምን ይመልስ? ይልቅ «ክፍልህ ምን ይመስላል? እዚያ የቅርብ ጓደኛህ ማን ነው?» በሉት። ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ።

ልጆቹን ሳትጠይቁ መድረክ ላይ አታውጡ። «በዚያ ቋንቋ አንድ መዝሙር ዘምሩልን» ማለት ለእኛ ደስታ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን በማያውቃቸው ሰዎች ፊት መታየት ነው። ከጉብኝቱ በፊት ወላጆች ይጠይቁት፣ እምቢ ማለት እንደሚችልም ይንገሩት፤ እምቢ ካለም ያክብሩለት። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች የልጆቹን ስምና ዕድሜ አስቀድመው ይወቁ፤ ከእኩያው አንድ ልጅ በር ላይ ይቀበለው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ገንዘብ።

አትደብቁት፣ የንግግሩም ማሳረጊያ አታድርጉት። ሦስት ቁጥር ብቻ በግልጽ አሳዩ፦ በወር የሚያስፈልገው፣ ቃል የተገባው፣ በእርግጥ የገባው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ክፍተት ነው ቤተሰብ የሚያስርበው። ቃል ተገብቶ ያልተላከ ድጋፍ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገንዘብ ያዦች፣ ዛሬ ማታ መዝገባችሁን ክፈቱና ቃላችሁንና የላካችሁትን አስተያዩ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ስጦታ ደግሞ ከወርኃዊ ድጋፍ ጋር አይደመር፤ በዚህ ዓመት ሙሉ መስሎ በሚቀጥለው ይጎድላል።

በፖስታ የተሰጠ ስጦታ በዚያው ምሽት ይመዝገብ፤ ከማን፣ ስንት፣ ለምን። ለልጆች ትምህርት የተሰጠ ለመኪና አይውልም። የምስጋና መልእክት በአሥር ቀን ውስጥ ይድረስ። አንዳንድ አጥቢያ ደግሞ «አሁን አገር ቤት ስለሆኑ» ብሎ ድጋፉን ይቀንሳል። ወገኖቼ፣ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በመስክ ያለው የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ አልቆመም፤ በላዩ ላይ ሁለተኛ ቤት፣ መጓጓዣና ሕክምና ተጨምሯል።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው፤ አንዱ ስሕተት ግን መመለሻ ይዘጋል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ስንት ወር ከአገሩ ብትወጡ እንደሚሰረዝ ሳትጠይቁ አትውጡ። ብዙ አገር ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋል። ብዙ አገር በዓመት 183 ቀን የቆየን ሰው ለግብር ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ቀናችሁን ጽፋችሁ ያዙ።

የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ ለሦስቱ የመጨረሻ ሳምንታት የሚሆን ነገር አለ። ስለ ሦስተኛ ባህል ልጆች የጻፈው ዴቪድ ፖሎክ የስንብትን ነገር ከአራት ግንድ በተሠራ ታንኳ መስሎታል፦ ከተቀያየሙት ጋር መታረቅ፣ ያገዙትን ማመስገን፣ መሰናበት፣ የሚሄዱበትን ማሰብ። አንዱ ግንድ ከጎደለ ታንኳው አይይዝም። ልጆችም አራቱንም ይፈልጋሉ፤ አያትን መሰናበት በአውሮፕላን ማረፊያ በአምስት ደቂቃ አያልቅም። የያዘቻቸው ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻው እሑድ እጅ ጭና ትላካቸው፤ ልጆቹንም በስማቸው እየጠራች። ከደረሱ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ይደውል፤ ዘገባ ለመጠየቅ ሳይሆን ሻንጣው ደረሰ ወይ፣ ቤቱ እንዴት ቆየ ለማለት።

አሁን በየኮሚቴያችሁ ተሰብሰቡ። የቀን መቁጠሪያ አውጡ። እነማን መቼ እንደሚናገሩ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ማንም የማይናገርባቸውን እሑዶች አክብቡ። የከበባችኋቸውንም ለቤተሰቦቹ አሳዩአቸው፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አሉ።